ገንዘባችን ለምን ድንጋይ ይሆናል?

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ሀያ ሁለት አካባቢ ሁሌ በምንሰየምባት ካፌ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ከአምስታችን አንዱ የዕለቱ ጌታ ነው፤ እቁብ ደርሶታል። 600 ሺህ ብር። ወዳጃችን መርካቶ አጠገብ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ጫማ ይሰራል። አሁን እግሬ ላይ ያለው ጥቁር ጫማ የእሱ እጅ ስራ ነው፤ ሦስት ክረምት ተሻግሯል፣ ሶሉ ገና አልተላቀቀም። በልቡ የያዘው ሐሳብ ሁለት ነበር። አንዱ ያገለገለ የመስፊያ ማሽን ገዝቶ፣ ሁለት ልጆች ጨምሮ ቀጥሮ ስራውን ማስፋት። ሌላው ገና መሠረቱ ለተቆፈረ አፓርታማ ቅድመ ክፍያ መክፈል። “ምን ትላላችሁ?” አለን።

መልሱ አስር ሰከንድ አልፈጀም። አራታችንም በአንድ አፍ “ቤት!” አልን።

“ማሽኑ በወር ስንት ጫማ ይሰፋል?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። “ቤቱን የሚሰራው ማነው? እስከ ዛሬ ስንት ቤት አስረክቧል?” ያለም የለም። ማኪያቷችንን ጠጣን፣ ሂሳቡን እሱ ከፈለ (እቁብ የደረሰው ይከፍላል፣ ሕግ ነው)፣ ተበተንን። የአንድ ሰው የሦስት ዓመት ላብ ላይ በአስር ሰከንድ ፈረድን።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች “ቤት!” ስለተባለች ቃል ነው። ማን አስተማረን? የእኛ የደመወዝተኞቹ ጥሪትም ሆነ የነጋዴው ሚሊዮን መድረሻው ለምን ድንጋይና ሲሚንቶ ይሆናል? ጫማ፣ ሹራብ፣ ወተት፣ ሶፍትዌር የሚሆነው ብር ለምን እንዲህ አነሰ?

“አስተሳሰብህን ቀይር” ከሚሉን ሰዎች ጋር

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ከአንዳንድ ሰዎች ጋር መጣላት አለብኝ። በየአዳራሹ ማይክ ጨብጠው “ድህነት የአስተሳሰብ ውጤት ነው” የሚሉንን ማለቴ ነው። መግቢያ ከፍለን ገብተን፣ አጨብጭበን፣ ተቃቅፈን እንወጣለን። ከዚያ አዳራሽ ይዘነው የምንወጣው ትምህርት ሲጨመቅ ይህ ነው፦ እናንተ የኢትዮጵያ ወጣቶች ፈሪ ናችሁ፣ የቁጠባ ባህል የላችሁም፣ ኢንቨስት ማድረግ አታውቁም።

ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ስድብ ነው። የቁጠባ ባህል የለውም የሚባለው ሕዝብ እኮ ያለ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜም ያለ ፍርድ ቤት፣ በአንድ ዳኛ፣ በአንድ ጸሐፊና በአንድ ደብተር እቁብ የሚያንቀሳቅስ ሕዝብ ነው። በየሳምንቱ ሳይደርሰው የሚጥል፣ ደርሶትም ሳይቀር የሚጥል ሕዝብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝገቡ ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ ተመዝግቧል። ብዙው በየወሩ ባንክ እየሄደ ሲቆጥብ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ባህል ካልሆነ ባህል ምን ሊሆን ነው?

እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰዉ ያሰላል። እንጀራ የምትጋግረዋ እናትም፣ ኮንቴይነር የሚያስገባው አስመጪም ያሰላሉ። ችግሩ የሚያሰሉበት ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ የተሰራው ለሚሰራ ሰው እንዲከብድ፣ ለሚያስቀምጥ ሰው እንዲቀል ሆኖ ነው። “አስተሳሰብህን ቀይር” የሚለው ሰው ሚዛኑን አይነካም፤ ሚዛኑ ላይ የቆመውን ሰው ይወቅሳል። እስቲ ሚዛኑን አንድ በአንድ እንየው።

እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ

የመጀመሪያው ክብደት የብር መሟሟት ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲያደርግ ብዙዎቻችን አመስግነናል። በዚያው ሰሞን ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ ዋጋውን እንዳጣ ግን አንርሳ። በአንድ እጅ ሁለት ተሰጠን፣ በሌላው እጅ አስራ አምስት ተወሰደ።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። ዓመቱን ሙሉ ይፋ የሚደረገው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሂሳቡን ከእኔ ጋር ስሩት። 100 ሺህ ብር ባንክ አስቀመጥክ። በዓመቱ 107 ሺህ ብር አገኘህ። ባስቀመጥክበት ቀን በ100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህ ገብቷል። ስለዚህ 7 ሺህ ብር “አትርፈህ” 23 ሺህ ብር ጎደለህ። ማንም ኪስህ አልገባም፣ ማንም ቦርሳህን አልቀደደም። ደብተርህ ላይ ያለው ቁጥር እንዲያውም ጨምሯል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የንረቱ ቁጥር ወርዷል፤ ይህን አልክድም። ግን የንረት ቁጥር ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ደግሞም ሰው የሚወስነው በአንድ ወር መግለጫ አይደለም፤ ባሳለፈው ነው። አንዴ ብሩ እጁ ላይ የሟሟበት ሰው ሁለተኛ ብር ሲይዝ እጁ ያቃጥለዋል። ወደ አንድ ነገር መለወጥ ይፈልጋል፦ ወደ ዶላር፣ ወደ ወርቅ፣ ወደ መኪና፣ ወደ ቤት። ይህ ስግብግብነት አይደለም። ቤቱ ሲቃጠል ዕቃ ማውጣት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ “ቤት!” ያልነው አራት ሰዎች ትክክል የነበርን ይመስላል። ይመስላል ብያለሁ። ቆዩኝ።

“መያዣ አለህ ወይ?”

ሁለተኛው ክብደት ባንክ ነው። ወዳጃችን ከእቁቡ በፊት ሁለት ባንክ ሄዶ ነበር። የደንበኞቹን ዝርዝር፣ የትዕዛዝ ደረሰኞቹን፣ የሁለት ዓመት የግብር ክፍያውን ይዞ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ “መያዣ አለህ ወይ?” መያዣ ማለት ቤት ማለት ነው። ማሽኖቹን ጠቀሰ፤ የብድር መኮንኑ ፈገግ አለ። ፈገግታዋን ሳይረሳት እስካሁን ያወራታል።

የሚገርመው ግን ሕጉ አለ። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ማድረግ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማሽን፣ ከብት፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ፣ ገና ያልተሰበሰበ ሂሳብ እንኳ መያዣ መሆን ይችላል ይላል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ የብድር መኮንኑ ልብ ውስጥ ግን ያለው ጂ ፕላስ ሁለት ነው።

መኮንኑን ብቻ መውቀስም ፍትሐዊ አይደለም። ባንኮቹም ያደጉት በእንዲህ ያለ ቤት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ 100 ብር ላይ የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘው ነበር። ወለዱ ለቆጣቢው ከሚከፍሉት ያነሰ፣ ገንዘቡም ለዓመታት የሚታሰር። ይህ መመሪያ የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የዋጋ ንረቱን ለመግታት በሚል የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ተጣለ። ገደቡ ቆይቶ ከፍ ተደርጓል፤ ያስተማረው ትምህርት ግን አልጠፋም። የሚያበድረው ገንዘብ የተቆጠረበት ባንክ ለማን ያበድራል? ለጫማ ሰፊው? በጭራሽ። ሕንፃ ላለው፣ ከዚህ በፊት ተበድሮ ለመለሰ፣ በስም ለሚያውቀው ያበድራል።

ውጤቱን ተመልከቱ። ቤት ከሌለህ ብድር የለህም። ስለዚህ ስራህን ለማስፋት ብትፈልግ እንኳ መጀመሪያ ስራህን ትተህ ቤት መግዛት አለብህ። ነጋዴውም ቢሆን ከአስመጪነት ያተረፈውን ፋብሪካ ላይ አያውለውም፤ ፎቅ ያቆማል። ፎቁ ምድር ቤቱን ለባንክ ያከራያል። ባንኩ ፎቁን መያዣ አድርጎ ሌላ ፎቅ እንዲሰራ ያበድረዋል። ወደ ቦሌ ወይም ወደ መገናኛ ስትሄዱ የምታዩት መስታወት ሁሉ የዚህ ክብ ውጤት ነው። አንዱም ጫማ አይሰፋም።

ነገ ምን ይታወጃል?

ሦስተኛው ክብደት ነገን አለማወቅ ነው። አንድ ሰው ቤት ሲገዛ የሚያስበው ስለ ዛሬ ነው፤ ፋብሪካ ሲተክል ግን ስለሚቀጥሉት አስር ዓመታት ነው። አስር ዓመት ለማሰብ ደግሞ ነገ ጠዋት ሬዲዮ ስትከፍት ምን እንደሚነገርህ ቢያንስ መገመት መቻል አለብህ።

እስቲ በቅርብ ዓመታት የሆነውን እናስታውስ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ እነዚያን ዕቃዎች ይነግድ የነበረ ሰው በአንድ ደብዳቤ ስራው ቆመ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክልከላው ተነሳ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ፒያሳ ፈረሰ፤ የኮሪደር ልማቱ በየሰፈሩ ቀጠለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዳንዶቹ በራሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የምንዛሪው ነገር ከዓመታት በፊት መደረግ ነበረበት የሚል ሰው አለ፤ ከተማው መጽዳት ነበረበት የሚልም አለ። ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። ክርክሬ አመጣጣቸው ላይ ነው። ፒያሳ አስራ አምስት ዓመት በአንድ ሱቅ የነገደ ሰው ትልቁ ሀብቱ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ “እንዴት አደርክ ጋሼ” የሚለው ደንበኛ ነው። ደንበኛን ደግሞ በካሬ ሜትር ለክተህ ሌላ ቦታ አትተካለትም።

ለነገሩ ይህ ፍርሃት የዛሬ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ሲወርስ አያቶቻችን በሬዲዮ ሰምተዋል። “ታዲያ ቤት የተወረሰበት ሕዝብ ለምን መልሶ ቤት ይገዛል?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዋጁ የሚኖሩበትን አንድ ቤት አልነካም ነበር። የተወሰደው ትርፉ ነው። በዚያው ዓመት ፋብሪካውና ባንኩም ተወርሷል። ስለዚህ ከዚያ ትውልድ ወደ እኛ የተላለፈው ምክር ግልጽ ነው፦ የምትኖርባት ጎጆ ትተርፍሃለች፤ ሌላው ሁሉ የመንግሥት ነው። እናቴ ይህን ምክር ስትሰጠኝ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አላነበበችም። ያየችውን ነው የነገረችኝ።

እማማ ብትታመምስ?

አራተኛውን ክብደት የውጭ መጻሕፍት አያውቁትም። እኛ ብቻችንን ገንዘብ የለንም። እያንዳንዷ ብር ላይ ቢያንስ አምስት ሰው አለ። የታናሽ እህት ትምህርት፣ የአጎት ሕክምና፣ የእድር መዋጮ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ ድንገት ከገጠር የሚመጣ ስልክ። ኢንቨስትመንት ማለት ገንዘብን ለጊዜው ማሰር ነው። ማሰር የሚችለው ደግሞ ድንገት የማይጠየቅ ሰው ብቻ ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው። ወዲያው “አየህ፣ ሕዝቡ አክሲዮን አይገባውም” ተባለ። እኔ ግን የገዙትን ሰዎች ብዛት አየሁ፤ ከ47 ሺህ በላይ ናቸው። በስልካቸው፣ ከ10 ሺህ ብር ባነሰ ገንዘብ መጀመር ስለተቻለ ነው የመጡት። ያልመጡት ደግሞ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ “እማማ ብትታመም ነገ ሸጬ ገንዘቤን አገኛለሁ ወይ?” የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ስራውን በይፋ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የአክሲዮን ሽያጩ ከተጀመረ በኋላ ማለት ነው። መውጫው በር ገና እየተሰራ ሰው በመግቢያው ቢያመነታ ምን ይገርማል?

በአረብ አገር ስለሚሰሩት እህቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ከሪያድም ከቤይሩትም ገንዘብ የምትልክ ልጅ የመጨረሻ ውሳኔዋን የምታደርገው በስልክ፣ በወንድሟ ቃል ተማምና ነው። ለምን ቤት አሰሪ እንደምትለው ገብቶኛል። ቤት ፎቶ ይነሳል። ግድግዳው ሲቆም በኢሞ ታየዋለች። “ንግድ ጀመርኩልሽ” ቢላት ግን ምኑን ታየዋለች? በማታየው ነገር ላይ ገንዘብ ለመጣል ሕግ፣ ኦዲተርና ዳኛ ያስፈልጋታል። ወንድም ብቻ አይበቃም። ቤቱም ቢሆን በማን ስም እንደወጣ ተመልሳ መጥታ ስታየው የደነገጠች ስንት አለች።

እኛም አለንበት

እስካሁን ሚዛኑን ከሰስኩ። አሁን ተራው የእኛ ነው።

እኛ መንጋ ነን። አንድ ሰው ጁስ ቤት ከፍቶ ሲሳካለት በሦስት ወር ውስጥ ያ መንገድ አስር ጁስ ቤት ይኖረዋል። በስድስተኛው ወር አስራ አንዱም ይዘጋሉ። “ያዋጣል” የምትለው ቃል ለእኛ ጥናት ናት። ማን አለ? ለምን ያህል ጊዜ? ወጪው ስንት? ማንም አይጠይቅም፤ “አንድ የማውቀው ልጅ” ካለ በቂ ነው።

ስለ ራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት ምስረታ ላይ ነው የተባለ አክሲዮን ማህበር ውስጥ ገባሁ። ስሙን አልጠራውም። የገባሁት የአጎቴ ልጅ ስለገባ ነው። እሱ የገባው አለቃው ስለገባ ነው። አለቃው የገባው በጋዜጣ የወጣውን የባለሙያዎች ፎቶ አይቶ ነው። መተዳደሪያ ደንቡን አላነበብኩም። “የምስረታ ወጪ” ተብሎ ከላዩ የተቆረጠው ገንዘብ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ አያውቅም፤ ወይም ተጠርቶ እኔ አልሄድኩም፤ የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ደረሰኙ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ መንግሥትን ረገምኩ፣ ቀጥሎ የአጎቴን ልጅ። ራሴን ለመርገም አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ባንኩ አንተ ነህ

አሁን ወደዚያች “ቆዩኝ” ወዳልኩባት ቦታ ልመለስ። ቤት ከዋጋ ንረት ያድናል ብለናል። የቆመ ቤት፣ ቁልፉ እጅህ የገባ ቤት፣ ምናልባት። ለጫማ ሰፊው ወዳጃችን “ቤት!” ብለን የሸጥንለት ግን ቤት አልነበረም። ጉድጓድ ነበር።

“በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ የቤት ባለቤት ይሁኑ” የሚሉ ማስታወቂያዎች ከተማውን ሞልተውታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሰከነ አእምሮ አስቡት። ገንቢው ለመገንባት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከአንተ ይወስዳል። ወለድ አይከፍልህም። መያዣ አይሰጥህም። ቢዘገይ፣ ቢያቆም፣ ቢጠፋ፣ አንተ ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። ማለትም አበዳሪው አንተ ነህ፤ ያለ ወለድና ያለ መያዣ የሚያበድር፣ በከተማው ውስጥ የመጨረሻው የዋህ ባንክ አንተ ነህ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመኝ። ባንኩ ለጫማ ሰፊው “ያለ መያዣ አላበድርህም” አለው። ጫማ ሰፊው ዞሮ ለገንቢው ያለ መያዣ አበደረ። የብድር መኮንኑ ያነሳትን ያቺን ጥያቄ እሱ ለገንቢው አላነሳትም። እኛም አላስታወስነውም።

የሕዝብ የሆነው መንገድስ ይሻላል? ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ እልል ተባለ። ከቀናት በኋላ የዕጣ ማውጫው የኮምፒውተር ስርዓት ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ለዓመታት የቆጠበ ሰው የደረሰውን ዕጣ መልሶ ሲቀማ እያየ “ረጅም ጊዜ አስብ” ስትለው ፊትህ ላይ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ይሁን?

ከመንግሥት የምፈልገው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ቆጣቢው ከዋጋ ንረት በታች እንዳይከፈለው፤ ከዚህ ያነሰ ወለድ በድሃው ላይ የተጣለ ስውር ግብር ነው። ሁለተኛ፣ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጁ ከወረቀት ወርዶ ማሽን ያለው ሰው በማሽኑ ይበደር። ሦስተኛ፣ ሕግ ከመለወጡ በፊት ይነገረን፤ ለአንድ ነጋዴ ስድስት ወር ቀድሞ ማወቅ ከስድስት ስልጠና ይበልጥበታል። አራተኛ፣ ከቤት ገዥ የሚሰበሰብ ቅድመ ክፍያ በገንቢው ኪስ ሳይሆን በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ግንባታው በደረሰበት ልክ ይለቀቅ።

ከእኛ ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ይበቃሉ። ገንዘቤን የሚወስደው ሰው ከዚህ በፊት ምን ሰርቶ አሳይቷል? ውሉን ያነበበልኝ፣ ከሻጩ ገንዘብ የማይበላ ሰው አለ? ነገ ብፈልገው በስንት ቀን ይመለሳል? ቃሉን ቢያጥፍ እኔ የምይዘው ምንድነው? ይህን ለመጠየቅ የአዳራሽ መግቢያ መክፈል አያስፈልግም።

ወዳጃችን ገንዘቡን ሰኔ ውስጥ ከፈለ። ሐምሌ 22 መጣ። ነሐሴ ላይ “የዋጋ ማስተካከያ” የሚል ደብዳቤ ደረሰው፤ ውሉ ውስጥ፣ ማንም ባላነበበው አንቀጽ፣ ምንዛሪ ሲለወጥ ዋጋ እንደሚለወጥ ተጽፎ ነበር። ጉድጓዱ ዛሬም ጉድጓድ ነው፤ ባለፈው ክረምት ውሃ ሞልቶት አይተነዋል። ሊገዛው የነበረው ማሽን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና ዋጋው እጥፍ ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከብር መሟሟት ለማምለጥ ብለን ከማሽኑ አሸሸነው፤ ማሽኑ ግን ዋጋውን ከዶላር ጋር ይዞ ይወጣ ነበር። ያውም እየሰፋ፣ ሁለት ልጆች እየቀጠረ። ለእሱ አስተማማኙ ንብረት እጁ የሚያውቀው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ካፌ ተገናኘን። ከሁለቱ ሰራተኞቹ አንዱን አሰናብቷል። ቀሪውን ክፍያ ለመሸፈን አዲስ እቁብ ገብቷል። ሂሳብ ሲመጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ቀድሜው ከፈልኩ። “ዛሬ እቁብ የወጣለት የለም፣ ለምን ትከፍላለህ?” አለኝ። “ዕዳ ስላለብኝ” አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።